በሞቴ የማይል አውሮፕላን

ነይ ግቢ ብርቱካን፣ ነይ የኔ ልጅ፣ ከጠራራው ውጪ። ምነው ፊትሽ አቧራ ብቻ ሆነ? … ሎሪዎቹ ናቸው፣ አውቃለሁ። ሰሊጥ ሲታጨድ ገዳሪፍ ውስጥ ሰው መንገድ የለውም፤ መንገዱ ሁሉ የጆንያ ነው። ትናንት አንዱ ሎሪ እዚሁ በሬ ላይ ተገትሮ ዋለና፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ የሸዋረጋ ጸጉር ቤት ሰሊጥ መሸጥ ጀመረ ብሎ ሲጠይቀኝ ዋለ። ተቀመጪ እዚህች ዱካ ላይ። ጀርባሽን ስጪኝ። እንዲህ… ፊትሽን ወደ መስተዋቱ።

እትዬ፣ እርስዎስ እዚያ አግዳሚው ላይ ተመቸዎት? ተራዎ ከብርቱካን ቀጥሎ ነው፤ ብዙ አላስጠብቅዎትም። ከርከዴ ልቅዳልዎት? በበረዶ ነው፣ አሁን ነው ከጎረቤት የመጣው… ይቅርብኝ? … እሺ። ብርቱካን፣ እንቺ አንቺ ጠጪው። ምን ዓይንሽን ታፈጪብኛለሽ? ይቅርብኝ አሉ እኮ። ጠጪ፣ በረዶው ሳይሟሟ።

ለመቼ ነው ሹሩባው? ለእሑድ? … ሰምቻለሁ፣ ከአፍሽ ልስማው ብዬ ነው የጠየቅኩሽ። ሶፎኒያስ ሽማግሌ ሊልክ ነው አሉ። እሰይ። ከግንባርሽ ላይ ቀጠን፣ ወደ ኋላ ወፈር እያደረግሁ እሠራሻለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ሲያዩሽ የመጡበትን ነገር እስኪረሱ። ጥሩ ልጅ ነው ሶፎኒያስ። ባለ ሦስት እግር ረክሻውን ሲነዳ እንኳ አህያ እስክታልፍ ይቆማል። ለአህያ የቆመ ሰው ለሚስቱ አይቆምም ትያለሽ?

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ግን። አባትሽ ስንት ጊዜ እንቢ ሊሉ ነው? … "ኻልቶ፣ ሌይ?" አልሽኝ? ለምን እንቢ ይላሉ? ወይ ጉድ፣ እዚህ ተወልዶ ማደግ። አረብኛው እንደ ውኃ ወረደልሽ፣ የአገርሽ ወግ ግን ድንበሩ ላይ፣ ጋላባት ቀረ። ስሚኝ እንግዲህ። በመጀመሪያው "እሺ" ያለ አባት ልጁን ሊያራግፍ የቸኮለ ይመስልበታል። ስለዚህ መጀመሪያ "ልጅቱ ገና ናት" ይላሉ። ሽማግሌ ሄዶ ይመለሳል። "ዘመድ እናማክር" ይላሉ። ሽማግሌ ሄዶ ይመለሳል። ሦስተኛው ላይ "እንግዲህ የእግዜር ፈቃድ ከሆነ" ይሉና ቤቱ እልል ይላል። ይህን አባትሽ ያውቃሉ፣ ሽማግሌዎቹም ያውቃሉ፣ ሶፎኒያስም ረክሻው ውስጥ ቁጭ ብሎ ተራውን እየጠበቀ ነው። አንቺ ብቻ ነሽ በመጀመሪያው ቀን ልታለቅሺ የነበርሽው።

ምግብም እንደዚያው ነው። ሰው ቤት ገባሽ፤ ብዪ ተባልሽ። "በልቼ ነው የመጣሁት" ትያለሽ፣ አንጀትሽ እየጮኸ። "በሞቴ" ይልሻል። "ኧረ ጠግቤያለሁ" ትያለሽ። "አፈር ስሆን" ይልሻል። "እሺ፣ እንዳይከፋችሁ ትንሽ" ትያለሽ፣ ከዚያ ሳህኑን ታጸጂዋለሽ። የእኛ አገር "አይ" መጋረጃ ነው እንጂ በር አይደለም። የፈለገሽ ሰው ገለጥ አድርጎ ይገባል። ቆንጆ ወግ ነው፣ እኔ አልጠላውም።

አንገትሽን አታዙሪው። አንገት የተፈጠረው ዞሮ ለማየት ነው ይላሉ፤ ያንቺ ግን ዛሬ ለሹሩባ ነው የተፈጠረው። በተለይ ወደ አግዳሚው በኩል እንዳትዞሪብኝ፣ ይጣመምብኛል።

ይህን ወግ እንደ ዳዊት የምትደግም አንዲት ሴት ነበረች… ነበረች ስል፣ አለች፤ ዕድሜ ይስጣት። አንቺ አታውቂያትም። የዚህ ሰፈር ሰው አይደለችም ብለሽ አስቢ። ስሟን አልጠራም፤ ስም ካልተጠራ ሐሜት አይባልም፣ አይደለም እንዴ? ደግሞም ልናማት አይደለም፣ ልናመሰግናት ነው። ጨዋ ናት ስልሽ፣ ጨዋነቷ ከሷ ቀድሞ ቤት ይገባል። እሷማ በር ላይ ቆማ "አልገባም፣ ቸኩያለሁ" ነው የምትልሽ። ጎትተሽ ካስገባሻት በኋላ ግን እስኪመሽ አትነሳም። ለአንቺ ብላ ነው፣ እንዳይከፋሽ።

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ስንት ሰው አለ በዚህ ከተማ? እሷ ተጠርታም እንኳ አቤት አትልም። በሦስተኛው ካልሆነ።

እንግዲህ ጥር ላይ ኤልሳዬ ጎንደር ስትዳር ምን ሆነ መሰለሽ… ኤልሳን ታውቂያታለሽ። እህቴ እሷን ወልዳ በሦስተኛው ቀን እዚሁ ገዳሪፍ ሞተችብኝ፤ ልጅቱ እጄ ላይ ቀረች። አሁን የተቀመጥሽባት ዱካ ላይ ነው የጸጉር ክር እየበታተነች ያደገችው። ባሏ ለኔና ለዚያች ሴት የአውሮፕላን ተዝከራ፣ ትኬቱን ማለቴ ነው፣ ላከልን። በመተማ እንዳንሄድ መንገዱ አላስተማመነም። ካርቱም ያ ሁሉ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ለእኛ አውሮፕላን የሚገኘው ፖርት ሱዳን ነው። ስለዚህ ጎንደር ለመሄድ ጀርባችንን ለጎንደር ሰጥተን፣ በአውቶብስ በከሰላ ዞረን፣ እግራችን እንደ ዱባ አብጦ ቀይ ባሕር ደረስን።

ደረስንና ወንበር የለም አሉን። እንዴት የለም? ተዝከራው በእጄ ነው። ሞልቷል አሉን። አውሮፕላን ከወንበሩ በላይ ሰው እንደሚሸጥ ታውቂያለሽ? አንዳንዱ ሰው ይቀራል ብለው ነው አሉ። የገዳሪፍ ሃፍላም፣ ሚኒባሱ፣ ከወንበሩ በላይ ይጭናል፣ ግን በርጩማ ያስገባልሻል፣ ልጅሽን ሰው ጭን ላይ ያስቀምጥልሻል፣ አንዱን በር ላይ ያንጠለጥለዋል፤ ከፍለሽ መንገድ ላይ አትቀሪም። እነሱ ግን ሸጠውልሽ ሲያበቁ በሩን ዘጉት። እኔ፣ እሷ፣ ደግሞ ጋረደው የሚባል የሰሊጥ ደላላ፣ ሦስታችን ቀረን። አውሮፕላኑ እኛን ጥሎ ሠርጋችን ሄደ።

አሁን ነው የምስቀው። ያኔ ሠርጉ በማግስቱ ነበር። ኔትወርክ ፍለጋ ውጭ ወጥቼ ለኤልሳ ስደውልላት፣ "እማ ሸዋ፣ ታዲያ ማን እጄን ይዞ ያስወጣኛል?" አለችኝ። ምን ልበላት? አለቀስኩ፤ እሷም አለቀሰች፤ ካርዱም አለቀ።

እኔ ውጭ እያለሁ ነው እንግዲህ ያ ታሪክ የተሠራው። ጋረደው አጠገቧ ቆሞ አይቶ ነው የነገረኝ። የአየር መንገዱ ሠራተኛ፣ ሸሚዙ ቀጥ ያለ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ቀረባት። "ያ ሐጃ" አላት። ክርስቲያን ናት፣ ግን መቼም እዚህ አገር ያከበሩትን አሮጊት ሁሉ ሐጃ ነው የሚሉት… ኧረ አሮጊት አልኩ እንዴ? ሴት ማለቴ ነው። "ያ ሐጃ፣ ጥፋቱ የኛ ነው። ነገ እንወስዳችኋለን። ለካሳው ደግሞ ለያንዳንዳችሁ ዓመት ሳይሞላ በፈለጋችሁ ጊዜ የምትሄዱበት ነጻ የደርሶ መልስ ተዝከራ አለ። ትቀበላላችሁ?" አላት። ሕጉ ነው አሉ፤ ትኬት የቆረጠውን ሰው መሳፈር ከከለከሉት ባዶውን አይሸኙትም።

ገባሽ? ነጻ። ደርሶ መልስ። ጥፋተኛው ራሱ ነው እየለመነ ያለው…

እትዬ፣ ፀሐይዋ መጣችብዎት እኮ። ወደዚህ ወንበር ይዛወሩ ይሆን? … ግድ የለም? … እሺ።

እና ያቺ ሴት ምን አለች መሰለሽ? ነጠላዋን አስተካከለች። ቀና አለች። "አይ ልጄ፣ ይቅርብን፣ ምን ቸገረን" አለችው፤ ባማረ አረብኛ። ሰውዬው ግራ ገብቶት "ሁለታችሁም?" አላት። "ሁለታችንም። እሷም እንደኔው ናት" አለች። አየሽ ደግነቷን? ለብቻዋ አትበላም። ለብቻዋም አትጾምም።

ሰውዬውስ? … "ሹክረን ያ ሐጃ፣ አላህ ያክብርሽ" አለና ኮምፒውተሩን ጠቅ ጠቅ አድርጎ ወደ ሥራው ሄደ። በቃ።

ቆይ ሳቄን ልጨርስ፣ ተጣመመችብኝ… ይህቺኛዋን ፈትቼ ልድገማት።

ቀጥሎ ጋረደውን ጠየቀው። ጋረደው "አይዋ" አለ፣ አዎ። አንድ ቃል። ወግ የማያውቅ ሰው፤ እንዴት ያሳፍራል። ለፋሲካ ሄዶ እናቱን ጠይቆበት መጣ እኮ፣ በዚያ በማያሳፍር ተዝከራው።

እሷ ግን ቆማ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቀች። ባንኮኒው አጠገብ ሄዳ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ሰውዬው ቀና አላለም። በፊቱ አለፈች። ሻንጣ እንደጠፋበት ሰው ዞር ዞር ብላ ተመልሳ አለፈች። ሰዓት ጠየቀችው፤ ነገራት። "ሙቀቱ መቼስ" አለችው፤ "ወላሂ" አላት። "እናንተም ደከማችሁ" አለችው፤ "አልሐምዱሊላህ" አላት። በመጨረሻ አዘነላት መሰለኝ "ያ ሐጃ፣ የጎደለሽ ነገር አለ?" አላት። በይ እንግዲህ፣ አሁንስ እንኳ አፍ አይከፈትም? … "የለም የለም፣ ኩሉ ተማም፣ ሁሉ ሙሉ ነው" አለችው። እሱም አምኗት ሻዩን ሊጠጣ ሄደ።

ያ ሁለተኛው "አይ" ነበር። አንድ ብቻ ነበር የቀራት። ሦስተኛው ላይ እሺ ትል ነበር፣ እኔ እምላለሁ። ቆጠራውን ያጎደለው ሰውዬው ነው፣ እሷ ምን አደረገች?

ደግሞ የሚያስቀኝ፣ ያው ሰውዬ ቤቱ ሄዳበት ቢሆን ኖሮ፣ "ካልበላሽልኝ ሚስቴ ትፈታ" ብሎ ይምልላት ነበር። ለምኖ በማብላት የሱዳንን ሰው ማን ይችለዋል? ግን ባንኮኒ ኋላ ሲቀመጡ ሰው ሌላ ይሆናል። አለቃው ኮምፒውተር ነው፣ ኮምፒውተር ደግሞ በሞቴ አያውቅም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉ ነበር ድሮ፤ አሁን ከአፍ የወጣ ቀጥታ እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው የሚገባው። አየር መንገድ ሽማግሌ አይልክም፣ ልጄ።

በማግስቱ አሳፈሩን። አውሮፕላኑ ውስጥ ጋረደው "እናንተስ ለመቼ ልታደርጉት ነው?" ብሎ ተዝከራውን ሲያሳየኝ ነው ነገሩን የሰማሁት። ዞር ብዬ አየኋት። "ድጋሚ ይጠይቀኛል ብዬ እኮ ነው፣ ሸዋዬ" አለችኝ በጆሮዬ፣ እንባዋ ቀርቦ። አሳዘነችኝ። እውነቴን ነው፣ እጇን ያዝኳት። በዚያው አስተናጋጇ ምግብ እየገፋች መጣች። "ዶሮ ወይስ ሩዝ?" ትላለች። ያቺ ሴት ምን ትላለች? … አወቅሽ። "አይ ይቅርብኝ።" አስተናጋጇም ጋሪዋን ገፍታ አለፈች። አንጀቷ የሞተሩን ድምፅ ሲበልጥብኝ ጊዜ የኔን ዶሮ አካፈልኳት። በሞቴ ብዬ፣ አፈር ስሆን ብዬ። ሰማይ ላይ ሆኜ አፈር ስሆን አልኩ፤ ታዲያ ምን ላድርግ? ብቻዬን ልብላ?

ጎንደር የደረስነው ለመልሱ ነው። ኤልሳ ከቤት የወጣችው በጎረቤት ሴት እጅ ነው። ፎቶው ላይ አለች ሴትዮዋ፣ ደግ ሴት ናት፣ ስሟን ግን አላውቀውም።

አልተቀየምኩም። ማን ይቀየማል? እዚህ ከተመለስን በኋላ ነው ነገሩ ያማረው። በማኅበር ቀን፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ያቺ ሴት ብድግ አለችና "ካሳ እንስጣችሁ ቢሉን፣ እኛ ክብራችንን በተዝከራ አንለውጥም አልናቸው" አለች። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ጋሽ ዓለምነው፣ ሰብሳቢው፣ እንባቸውን እየጠረጉ "ሴት ማለት እንዲህ ናት" ብለው ቆመው መረቁ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ ላይ ከርከዴ ነበር፣ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲሉ እሰማ ነበር። የሷ ስም ከአውሮፕላንም በላይ ዋለ። እኛ መሬት ላይ ቀረን፣ ስሟ በረረ።

ቀና በይ ትንሽ። አልጎተትኩሽም እንዴ? … ይቅርታ፣ እጄ ነው። አንዳንድ ጊዜ ነገር ሳወራ እጄ የኔ አይሆንም።

አሁን ኤልሳ ወሯ ገብቷል። ከትናንት በስቲያ ደውላልኝ ነበር። መጀመሪያ ስትስቅ ነበር፣ ሆዴ ከኔ ቀድሞ በር ይገባል እያለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እማ ሸዋ፣ እናቴ እኔን ስትወልድ አይደል የሞተችው?" አለችኝ። "ያ ድሮ ነው፣ አሁን ሐኪም አለ" አልኳት። "አውቃለሁ። ግን አንቺ ከአጠገቤ ካለሽ አልፈራም" አለችኝ። ብርቱካን፣ ያቺ ልጅ እኔን ሌላ ነገር ለምናኝ አታውቅም። ጫማ እንኳ አንቺው ካየሽው ግዢልኝ ነበር የምትለው። መሄድ አለብኝ። ባሏ ያኔ የላከው ከወንድሞቹ ለቃቅሞ ነው፣ ዛሬ የለውም። ከሹሩባ ደግሞ አውሮፕላን አይወጣም፤ የገዳሪፍን ሴት ሁሉ ጸጉር ብገጥመው እንኳ ከሰላ አያደርሰኝም።

ስለዚህ ራዲያ ጋ ሄድኩ፣ የትኬት ቢሮዋ ልጅ። ፖርት ሱዳን ደወለችልኝ። "ኮምፒውተሩ ሁለቱም በደስታ ትተውታል ነው የሚለው" አለችኝ። በደስታ… እኔ ያን ቀን ውጭ ምን ያህል ደስ ብሎኝ እንደነበር ነገርኩሽ። "ግን ተስፋ አትቁረጪ" አለችኝ ራዲያ። "የሚወስኑት ሰውዬ ከፖርት ሱዳን መጥተው እኛ ቢሮ ናቸው፤ ሦስት ቀን ብቻ ነው የሚቆዩት። ያቺ ሴት መጥታ፣ የሸዋረጋን ድርሻ የተውኩት ሳታውቅ ነው ብላ በአፏ ትናገር፤ ይከፈትልሻል። የራሷንም ከፈለገች ይሰጧታል" አለችኝ። ይኸው ነው። መማል የለ፣ ፍርድ ቤት የለ። ከገበያው ማዶ ሄዶ አንድ ቃል፣ ሰውዬው ነገ ቀትር ሳይመለሱ።

ሄድኩና ለመንኳት። እኔ ኮምፒውተር አይደለሁማ፣ ወጉን አውቃለሁ። መጀመሪያ በሞቴ አልኳት፤ ወገቤን አሞኛል አለችኝ። ተመልሼ ሄድኩ፣ አፈር ስሆን አልኳት፤ እንግዳ አለብኝ አለችኝ። ሦስተኛውን ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት፣ እመኚኝ። ይህቺኛዋ የእሺ ናት ብዬ ነጠላ ቀይሬ ሄድኩ። እግሯ ላይ ወደቅሁ። "ያን ሁሉ ካልኩ በኋላ እዚያ ቢሮ ብታይ ሰው ምን ይለኛል?" አለችኝ።

እስኪ አንቺ ንገሪኝ፣ የሰሚ ያለህ። ሦስት ጊዜ ካልተለመነች የማትቀበል ሴት፣ ሦስት ጊዜ ተለምና እንቢ ስትል ምን ይባላል? ወጉ ተቀየረ? አራት ሆነ? ለሰው ብትል ትጠፋለህ፣ ለእግዜር ብትል ትለማለህ ይላሉ አባቶች። እሷ ግን ለሰው ብላ ራሷን መች አጠፋች፤ እኔን ነው እንጂ። ያውም ኤልሳን ክርስትና ያነሳቻት ራሷ ሆና…

ኧረ ምን ነካኝ። አፌ ነው። እሱን አልሰማሽም በይ። ክርስትና ያነሳቻት ሴት ብዙ ናት በዚህ ከተማ።

ብቻ ያን ቀን ትዝ ይለኛል። ኤልሳ አርባ ቀኗ ነው፣ እናቷ የለችም፣ እኔ ጥግ ላይ አለቅሳለሁ። ያቺ ሴት ልጅቱን ታቅፋ፣ ቄሱ ሲጠይቋት በሕፃኗ ፈንታ ጥርት አድርጋ መለሰች። አንዴ ነው የጠየቋት። ይቅርብን አላለችም፣ ጉሮሮ አልጠረገችም። "እንደ እናቷ እሆናታለሁ" ብላ እኔንም አቀፈችኝ፣ እኔም አመንኳት። እስከ ዛሬም ያን ቃሏን አልረሳሁትም፤ ቄሱ ኮምፒውተር ስላልነበራቸው ይሆናል እሷ የረሳችው። በሰው ፈንታ መናገር ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው የለመደባት መሰለኝ።

አለቀልሽ፣ የኔ ቆንጆ። እንቺ መስተዋቱን ከኋላሽ ያዢው። አየሽ? … ዓይንሽ ለምን እንባ ሞላ? ጠበቀብሽ? ነገ ይላላል። እሑድ አባትሽ እንቢ ሲሉ እንዳትደነግጪ፤ ጓዳ ሆነሽ ሳቂ። ግን ሶፎኒያስ ለብቻው አግኝቶ ትወጂኛለሽ ወይ ካለሽ፣ የጋረደውን መልስ ስጪው። አንድ ጊዜ በይው፣ ደህና አድርገሽ፣ ዓይኑን እያየሽ። ሰው ሁለተኛ የሚጠይቀን ቢያጣስ?

እትዬ፣ ተራዎ ደረሰ። ይምጡ፣ ይቀመጡ። ነገ ጠዋት የሚሄዱበት ቦታ ካለዎት አሳምሬ እሠራዎታለሁ፣ በነጻ… ምነው ተነሱ? ሌላ ቀን ይሁን? … እሺ። ዕቃዎን እንዳይረሱ።

ኧረ ቆዩ፣ አንድ አፍታ። ሰው ከቤቴ ሳይመረቅ ወጥቶ አያውቅም። ለዚያች ለማትታወቀው ሴት ነው የምመርቀው፤ ብርቱካን አሜን ትበል፣ እርስዎም በሩ ላይ እንደቆሙ አሜን ይበሉልኝ።

ፈጣሪ ዕድሜዋን ያርዝምላት። ጉልበቷ አይዛል፣ ዓይኗ አይፍዘዝ። የክርስትና ልጇን ልጅ ታቅፋ ለመሳም ያብቃት። ቤቷ እንግዳ አይጣ፣ ስሟ ከማኅበር ማኅበር ይዙር። ቀኗ ሲደርስም ያለ ሕመም፣ ያለ ጣር፣ በዚያ በጨዋነቷ ተሸኝታ የገነት ደጃፍ ላይ ትድረስ፤ መድረሷንስ አልጠራጠርም። በሩ ላይ የቆመው መልአክ አይቷት ፈገግ ይበል፣ "ግቢ" ይበላት። እሷም ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቀና ብላ "አይ ልጄ፣ ይቅርብኝ" ስትለው፣ "በሞቴ" ብሎ…

ወይኔ ብርቱካን። መልአክ አይሞትም ለካ። በሞቴ ማለት አይችልም።

እንግዲህ እሱም አንዴ ብቻ ነው የሚጠይቃት። ጌታዬ ሆይ፣ ያን ጊዜ እሺ የምትልበትን አፍ ከዛሬ ጀምረህ አለማምዳት። አሜን በሉ።

እሰይ ብርትዬ… እትዬስ፣ አሜን አይሉም? አንድ ጊዜ ነው የምጠይቅዎት።